የእትዬ ሌባ ጣት

ኢንጂነሯ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት የተለማመደችው መልስ ነበራት። «ያለ መርፌ ደም እለካለሁ» ትልና ጠያቂው አፉን እስኪከፍት ትጠብቃለች። አፉን የማይከፍት ጥቂት ነበር። ከዚያ ከቦርሳዋ የልብስ መቆንጠጫ የምታህል ዕቃ አውጥታ ጣቱ ላይ ትሰካለታለች። በአንድ በኩል ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን ጣቱ ውስጥ ይገባል፣ በሌላው በኩል ያለፈው ይለቀማል፣ ደሙ ምን ያህሉን ብርሃን እንዳስቀረ ይሰላና ቁጥሩ ትንሿ መስኮት ላይ ብቅ ይላል። ከቁጥሩ ሥር ወይ «ደህና» ወይ «ደም አንሷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ የእሷ ሐሳብ ነው፤ ቁጥር ለሚገባው ቁጥር፣ ለማይገባው ቃል ብላ። ትኮራበት ነበር፤ ብትኮራስ ማን ይፈርድባታል?

ይህን ሥራ የመረጠችው ለታላቅ እህቷ ስትል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ከመርፌ ጋር የምትውል ሴት፣ ሐኪም የያዘውን መርፌ ስታይ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ያበቃቻት እትዬ ናት፤ ዛሬም አብረው ይኖራሉ። ልጅቷ መብራት ካልበራልኝ አልተኛም እያለች ስለምታስቸግር «ኩራዝ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ኩራዝ አድጋ በብርሃን ሥራ ደመወዝተኛ ስትሆን «ስሙን ያወጣሁላት እኔ፣ ሙያውንም የመረጥኩላት እኔ» እያለች ለደንበኞቿ ትጎርር ነበር።

አዲስ መሣሪያ ከዎርክሾፕ ከመውጣቱ በፊት፣ የደሙ መጠን በታወቀ ሰው ጣት ላይ መሞከር አለበት። በየመሣሪያው ውስጥ ያሉት መብራቶች በጥቂቱ ይለያያሉ፤ መሣሪያው ከታወቀው ቁጥር ዝቅ ወይም ከፍ ካለ በኮምፒውተር ይስተካከልለታል። ለዚህ የሚሆን ሰው ከየት ይምጣ ሲባል፣ የእትዬ ሱቅ ከዎርክሾፑ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ክንዷን ለመርፌ ሰጠች። ላቦራቶሪው አሥራ ሦስት ተኩል አለ፤ የጤነኛ ሴት ደም። ጣቷ ሙቅ ነው፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ በተጠራች ሰዓት ትመጣለች። ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል?

ቴክኒሻኑ፣ ኪሱ ከብሎን ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ «ብሎን» የሚሉት፣ የምትዘረጋው አመልካች ጣቷን መሆኑን አይቶ በሳቅ ፈረሰ። «በዓለም ላይ ሌባ ጣትን ሚዛን ያደረግን እኛ ብቻ ነን!» አለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መሣሪያ በደረሰ ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ «ሌባዋ ትፈለጋለች!» ብሎ ይጮሃል፤ እትዬም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች።

ሕጉ ግን በዚህ አያበቃም። ጣቱ ሚዛን የሆነው ሰው ደም በየጥቂት ወሩ እንደገና በመርፌ መለካት አለበት። ኢንጂነሯ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የሥራ መመሪያው ላይ ያስገባችውም ራሷ ናት። የመጀመሪያው ተራ ሲደርስ እትዬ «አገሩን ሁሉ ያለ መርፌ ይለካል እያልሽ፣ እኔን በመርፌ?» አለቻት። ሳቁ። ኢንጂነሯ አንጀቷ አልችል አለና ለሚቀጥለው ይሁን አለች። የሚቀጥለውም ሲመጣ ለሚቀጥለው። ደግሞ እትዬ እኮ ናት። እትዬ ታማ ታውቃለች እንዴ?

ትንሽ ቆይቶ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ዝቅ ማለት ጀመሩ።

«ይቺም ቀንሳለች» ይላል ብሎን። «አሥራ ሦስት እንኳ አልሞላችም።»

«ከፍ አድርጋት።»

«ዘንድሮ የሚልኩልን መብራት ምን ነክቶታል? ደካማ ነው።»

«ምን ታደርገዋለህ፣ ርካሽ ዕቃ ነው» ትላለች ኢንጂነሯ፤ ያስተካክላሉ። ቀጥሎ የመጣው አሥራ ሁለት ተኩል አነበበ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው አሥራ ሁለት፤ ከዚያም አሥራ አንድ። ሁለቱም ዕቃውን የሠራውን ፋብሪካ እየረገሙ ማስተካከያውን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረጉት። እያንዳንዱ መሣሪያ በተወለደ ዕለት እውነቱን ይናገራል፤ እነሱም እያንዳንዱን ዝም ያሰኙታል። ይህ ሁለት ዓመት ሄደ።

በዚያ መሃል እትዬ መንገዱን ስትሻገር ቆም ማለት አመጣች። የዎርክሾፑን ደረጃ ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኢንጂነሯ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ደህና ነሽ እትዬ?» ትላታለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ሌባዋን ጠይቂያት» ብላ ጣቷን ትዘረጋለች። መቆንጠጫው ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ይሰካና «ደህና» ይላል። ሁለቱም ያምኑታል።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ መጣች። በዕድሜ ጠና ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። መሣሪያውን በፋሻ ጠቅልላ ይዛው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ዕቃችሁ ይዋሻል።»

«ሲስተር፣ መሣሪያ አይዋሽም» አለች ኢንጂነሯ ፈገግ ብላ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ስታስታውሳት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «የታካሚዋ እጅ ቀዝቅዞ ይሆናል። ወይ የጥፍር ቀለም ተቀብታ።»

«ልብስ አጣቢ ናት፣ ምን የጥፍር ቀለም አላት! ነፍሰ ጡር ነበረች። ሦስቴ ለካኋት፣ ሦስቴም ደህና አለ። ደህና ነሽ ብዬ ሸኘኋት። ሳምንት ሳይሞላ መንገድ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል በመርፌ ሲለኳት ሰባት ምናምን ሆኖ ተገኘ። እሷ ተርፋለች። ፅንሱ ግን አልተረፈም።»

ኢንጂነሯ ፈገግታዋን የምታስገባበት ጠፋት።

«ደግሞ» አለች ነርሷ፣ «ይሄ ከመጣ ወዲህ ደም ያነሰው ሰው ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ዳነ እንዴ?»

ነርሷ እንደወጣች ኢንጂነሯ መደርደሪያው ላይ ለእንግዳ ማሳያ የተቀመጠውን የመጀመሪያውን መሣሪያ አወረደች። እሱን በአንድ እጇ፣ ነርሷ ያመጣችውን በሌላው እጇ ጣት ላይ ሰካች። አሮጌው አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት አለ፤ አዲሱ አሥራ ሰባት ነጥብ አራት። እጅ ለእጅ አቀያየረቻቸው፤ ያው ነው።

«አቤት! የበሬ ደም ነው ያለሽ» አለ ብሎን። ሲያያት ግን ሳቁን ዋጠው።

ወዲያው ላቦራቶሪ ሄዳ ደሟን በመርፌ አስቀዳች። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። የሚዋሸው አዲሱ ነው ማለት ነው። ሌሎቹን አዳዲሶች ከካርቶን እያወጣች ጣቷ ላይ ሞከረቻቸው፤ ሁሉም በአንድ አፍ ይዋሻሉ። እንዴት ሊሆን ይችላል? ሁሉም የተስተካከሉት በአንድ ጣት ነው፤ ጣቱ ደግሞ የእትዬ ነው። ይህን ካሰበች በኋላ እንኳ ወደ ልቧ የመጣው የማስተካከያው ስሌት እንጂ እትዬ አልነበረችም። አሮጌውን መሣሪያ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

እትዬ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ገና ስታያት፣ ሳትጠየቅ፣ በግራ እጇ ጨርቁን እንደያዘች የቀኝ ሌባ ጣቷን ዘረጋች። «ዛሬስ ራስሽ መጣሽ፤ ብሎን ጉሮሮው ተዘጋ?»

ኢንጂነሯ ሰካችው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። ስምንት ነጥብ ሰባት።

«ተገኘ!» ብላ ጮኸች።

እውነት ነው፤ ብላለች። ቀናቱን ሁሉ ስታገላብጠው ውላ ብታድር የማትሽረው ነገር ይህ ነው። የእህቷን ደም ከሲሶ በላይ ጎድሎ ፊት ለፊት አይታ፣ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። የስህተቱ ምንጭ ተገኝቷል፤ ስሌቱ ልክ ነው፤ መብራቱም ደህና ነው፤ ሚዛኑ ነው የጎደለው። ደስታው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ቆየ፤ ግን ቆየ።

እትዬም እህቷ ደስ ሲላት አይታ ደስ አላት። «እሰይ! እሰይ የኔ ኩራዝ! ምንድን ነው የተገኘው?»

ኢንጂነሯ ዓይኗን ከመሣሪያው መስኮት አንሥታ እህቷን አየች። ከንፈሯ ነጥቷል። የዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፣ ሜትሩ የተንጠለጠለው አጥንት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ አልመጣም። በየማታው ቤት ውስጥ፣ በየሳምንቱም ደረጃውን ወጥቶ ፊቷ ሲቀመጥ የነበረ ነገር ነው።

«ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለች።

«ሱሪው ለነገ ነው እኮ የተቀጠረው።»

«እትዬ፣ ተነሺ በናትሽ!»

ሆስፒታሉ እዚያው አስተኛት። ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያደማት ኖሯል። ደም እስኪሰጣትና እስኪበረታላት ይጠበቅና ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነሯ አለቃዋ ቢሮ ገባች። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ምንም ነገር ሲነግሩት «ግድ የለም» ስለሚል በሌለበት «ዶክተር ግድየለም» ይሉታል። ሁሉንም ነገረችው፤ ሳትደብቅ፣ አንገቷን ደፍታ። እሱም ብዕሩን እያሽከረከረ ሰማት።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለ።

«ብሎን።»

«ግድ የለም። ስሚኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መብራቱ ደካማ ነው ስትሉኝ አልነበረም? እንደሱ እንላለን። የመጨረሻው ጭነት መብራት ጉድለት ስላለበት ከዚያ የተሠሩትን እንሰበስባለን። ነርሶቹን እጠራለሁ። የቀሩትን ቀስ እያልን፣ ለጥገና እያልን እንቀይራለን።»

«የቀሩት ግን እስከዚያ…»

«ሁሉንም ዛሬ ሰብስብ ካልሽኝ ይሄ ቤት ነገ ይዘጋል። ያንቺም ስም አብሮ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ማን ያምንሻል? እ? አስቢበት።»

አሰበችበት። ያሰበችው ግን ስለ ነፍሰ ጡሮቹ አይደለም። ያሰበችው በየስብሰባው ላይ የሚጠራውን ስሟን ነው፣ አፋቸውን የሚከፍቱላትን ሰዎች ነው። «እሺ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጠነባት። ከቢሮው ስትወጣ ብሎን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዳላየችው ሆና አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። የደሙ ከረጢት ከእትዬ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ቱቦው ክንዷ ላይ በመርፌ ተሰክቷል። ያን ያህል የምትፈራውን መርፌ ዞር ብላ እንኳ አታየውም።

«ኩራዝ፣ ተቀይመሽኛል አይደል?»

«እኔ? በምን ምክንያት?»

«ሥራሽን አበላሸሁብሽ። ብሎን ጠዋት መጥቶ ነበር፤ እንደ ምንም አውጣጣሁት። በኔ ጣት የተለካው ሁሉ ተበላሸ አለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በብዛት ይፈሰኝ ነበር። ለማን እነግራለሁ? እንዲህ ያለ ነገር ያሳፍራል። ዓይኔን ሲያጨልመኝ ልታይ እልና ደግሞ አንቺ ጋ መጥቼ ጣቴን ስሰጥ ደህና ይለኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያንቺ ዕቃ ደግሞ የተማረ ነው። ማንን ልመን?»

ኢንጂነሯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ጠላች አይባልም። እህቷ ይቅርታ እየጠየቀቻት ነው። ስለታመመች። የምትለው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ አንቺ አይደለሽም፣ መሣሪያው ሲነግረኝ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጥፋቱ የመብራቱ ነው» አለች። «ከውጭ የመጣው ዕቃ ጉድለት ነበረበት።»

«እፎይ!» እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም።»

«አንቺም አይደለሽም?»

«አይደለሁም» አለች ኢንጂነሯ፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። እትዬ እጇን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት። የእትዬ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ የያዘቻትም ጣቷን በምትዘረጋበት በዚያው ቀኝ እጇ ነው፤ ኢንጂነሯ እጇን ማውጣት ፈልጋ ሳታወጣ፣ ጎንበስ ብላ ተቀምጣ አመሸች።

ነርሶቹ የተሰበሰቡት በሳምንቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ እያንዳንዷ የጣቢያዋን መሣሪያ ይዛ መጥታለች። ዶክተር ግድየለም መድረኩ ላይ ወጥቶ ስለ መብራቱ አሳምሮ ተናገረ። ጉድለቱ የአምራቹ መሆኑን፣ መሥሪያ ቤቱ ግን ለሕዝብ ጤና ሲል ኪሳራውን እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ «ጀርባው ላይ አረንጓዴ ምልክት ያለበትን የያዛችሁ ብቻ አስረክቡ፤ የቀራችሁት ሥራችሁን መቀጠል ትችላላችሁ» አለ።

መሣሪያዎቹ ተገለበጡ። አረንጓዴ ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት ሴቶች ጀርባውን አዩ፣ ጎረቤታቸውን አዩ፣ ፈገግ አሉ፣ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቦርሳቸው መልሰው ከተቱ። ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ሌላ ዚፕ ተዘጋ። ኢንጂነሯ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ድምፅ ሰማች። ነገ ጠዋት እያንዳንዱ ዚፕ ይከፈታል፤ አንዲት ሴት ጣቷን ትዘረጋለች፤ ደህና ነሽ ትባላለች፤ ታምናለች።

«ቆዩ» አለች ተነሥታ። ድምፅዋ አልወጣም። «ቆዩ! አትክተቱት!»

ዶክተር ግድየለም «ግድ የለም፣ ጥያቄ በኋላ…» ሲል ወደ እሱ አልዞረችም። ዞራ ቢሆን ኖሮ ትቀመጥ ነበር፤ ራሷን ታውቃለች።

«ሁሉንም ነው የምታስረክቡት። የሁለት ዓመቱን ሁሉ። መብራቱ ምንም አልሆነም። መሣሪያዎቹን የማስተካክለው በአንድ ሰው ጣት ነበር። ያ ሰው ታመመ፤ ደሙ እየቀነሰ ሄደ። መሣሪያዎቹም ቀንሷል አሉኝ። እኔ ግን ተሳስታችኋል እያልኩ ከፍ አደረግኋቸው። ደሙን በየጊዜው በመርፌ መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የኔ ነው።»

ፊቷ ፍም መሰለ። ከዚህ ወጥታ ይህንኑ ለእትዬ መንገር እንዳለባት አሰበች፤ ያኛው ከዚህ ሁሉ ይከብዳታል። ከኋላ ወንበር ያቺ ጠና ያለችው ነርስ ተነሣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ትጮህብኛለች ብላ ኢንጂነሯ ተዘጋጀች፤ ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«ማን ነበር ሰውዬው?» አለች ነርሷ።

«እህቴ ናት። ታላቅ እህቴ። አብረን ነው የምንኖረው።»

በነርሷ ድምፅ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ አልገባት ብሎ ነው የጠየቀችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የእህትዎን ፊት አያዩትም ነበር?»

«የማየው ጣቷን ነበር» አለች ኢንጂነሯ።

ነርሷ በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብላ መጥታ መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከኋላዋ ሌሎቹም ቦርሳቸውን እየከፈቱ ተነሡ።